ሃይንሪክ ሄርዝ፤ የማይታየውን ሞገድ በብልጭታ ያሳየ መምህር

በአዲስ አበባ የሬዲዮ መቀበያውን 97.1 ላይ ያደረገ አድማጭ ኤፍ ኤም አዲስን ያገኛል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጠራው ሜጋ ሄርዝ የተሰኘው መለኪያ የአንድ ሰው ስም መሆኑን ግን ሁሉም አድማጭ ልብ ላይለው ይችላል። አንድ ሄርዝ ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ጊዜ መርገብገብ ማለት ሲሆን፣ 97.1 ሜጋ ሄርዝ በሰከንድ 97 ሚሊዮን 100 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ነው። የተንቀሳቃሽ ስልክ፣ የሳተላይት ቴሌቪዥንና የገመድ አልባ ኢንተርኔት ሞገዶችም የሚለኩት በዚሁ ስም ነው።

ስሙ መለኪያ ሆኖ የቀረው ሰው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪክ ሩዶልፍ ሄርዝ ነው። በዚህ ዓለም የኖረው 36 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ሬዲዮ የሚባለውን መሣሪያ ሳያይ ነው ያለፈው። ሆኖም ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው በኤሌክትሪካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል ሲግናል ፕሮሰሲንግና ገመድ አልባ ኮሙኒኬሽን የሚያጠኑ ወጣቶች ከሚማሯቸው መሠረታዊ ሐሳቦች በርካታዎቹን ሄርዝ በአንድ የመማሪያ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሽቦና ከዚንክ ቆርቆሮ በሠራቸው መሣሪያዎች በገሃድ አሳይቷቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

ሄርዝ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1857 በሰሜን ጀርመን በምትገኘው የወደብ ከተማ ሐምቡርግ ተወለደ። አባቱ ጉስታቭ ፈርዲናንድ ሄርዝ የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ፣ በኋላም የከተማዋ የምክር ቤት አባል ለመሆን በቅተዋል። የአባቱ ቤተሰብ ከአይሁድ ወገን የሆነና የሉተራን ክርስትናን የተቀበለ ነበር። እናቱ አና ኤሊሳቤት የልጃቸውን ትምህርት በቅርብ የሚከታተሉ ሴት ነበሩ።

የሕፃኑ ተሰጥኦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በአንድ በኩል ቋንቋ ይወድ ስለነበር ከግሪክኛ ሌላ ዓረብኛ አጥንቷል። የዓረብኛ መምህሩም በችሎታው ተደንቀው ልጁ የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ እንዲሆን አባትየውን መክረው ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የእጅ ሥራ ይማርከው ስለነበር እንጨት ማለስለስና ብረት መቅረጽ ተምሯል። የቤተሰቡ ትዝታ እንደሚያስረዳው፣ ሙያውን ያስተማሩት የእጅ ባለሙያ ከዓመታት በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ፕሮፌሰር መሆኑን ሲሰሙ ጥሩ እንጨት ጠራቢ ሳይሆን በመቅረቱ አዝነዋል። ቀለምን ከእጅ ሥራ ያጣመረው ይህ አስተዳደግ በኋላ ለዝናው ምክንያት ለሆኑት ሙከራዎች ትልቅ ስንቅ ሆኖለታል።

ሄርዝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1875 እንዳጠናቀቀ መሐንዲስ የመሆን ዕቅድ ነበረው። በፍራንክፈርት ከተማ የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ አደረገ፤ በድሬስደን የቴክኒክ ትምህርት ቤትም ጥቂት ቆየ። ከዚያም በበርሊን በባቡር ሐዲድ ክፍለ ጦር የአንድ ዓመት የውትድርና ግዴታውን ፈጸመ። በ1877 ወደ ሙኒክ ያቀናው የምህንድስና ትምህርቱን ለመቀጠል ነበር።

በሙኒክ ግን ልቡ ለሁለት ተከፈለ። ምህንድስና እርግጠኛ እንጀራ የሚገኝበት ሙያ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ በአንጻሩ ረጅም ትምህርትና ያልተረጋገጠ ውጤት የሚጠብቀው መንገድ ነው። የ20 ዓመቱ ወጣት በሁለቱ መካከል ሲዋልል ቆይቶ በኖቬምበር 1877 ለአባቱ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው የሳይንስ ፍላጎቱን ገልጾ፣ የአባቱ ፈቃድ ካልሆነ ግን በምህንድስናው እንደሚቀጥል አስታወቀ። የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍኑት አባቱ ስለነበሩ የውሳኔው ቁልፍ በእጃቸው ነበር። አባትየውም ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ ሄርዝ ወደ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በፕሮፌሰር ፊሊፕ ፎን ዮሊ ምክር የላግራንዥንና የላፕላስን የሒሳብ ሥራዎች ከምንጫቸው ማንበብ ጀመረ። በቤተ ሙከራም ልምምድ አደረገ።

በ1878 ወደ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ሕይወቱን የለወጡትን መምህር አገኘ። ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በዘመኑ ከነበሩት የጀርመን ሳይንቲስቶች ሁሉ ስመ ጥር ነበሩ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጉስታቭ ኪርቾፍም ያስተምሩ ነበር፤ በእኚህ ሊቅ ስም የሚጠሩትን የኤሌክትሪክ ዑደት ሕጎች የዛሬ ተማሪዎች በመጀመሪያው የሰርኪዩት ትምህርታቸው ይማሯቸዋል። ሄልምሆልትዝ አዲሱን ተማሪ ያወቁት ዩኒቨርሲቲው ባወጣው የሽልማት ጥያቄ አማካይነት ነው። ጥያቄው በሽቦ ውስጥ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ የራሱ ክብደት ያለው ይመስል ለመንቀሳቀስና ለመቆም ይዘገይ እንደሆነ በሙከራ መመርመር ነበር። ሄርዝ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ በ1879 የወርቅ ሜዳሊያውን ተሸለመ።

በዚያው ዓመት ከዚህ እጅግ የከበደ ጥያቄ ቀረበ። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ኤሌክትሪክና ማግኔት ተጣምረው በሕዋ ውስጥ በሞገድ መልክ እንደሚጓዙ፣ ፍጥነታቸውም ከብርሃን ጋር እኩል እንደሆነ፣ ብርሃን ራሱም የዚህ ሞገድ ዓይነት እንደሆነ በሒሳብ ቀመር አስረድቶ ነበር። ይሁን እንጂ ሐሳቡ በሙከራ አልተረጋገጠም ነበር። በአውሮፓ ዋና መሬት የነበሩ አብዛኞቹ ሊቃውንትም ኤሌክትሪክ ከቦታ ቦታ ያለ አንዳች መዘግየት ተጽዕኖ ያሳድራል የሚለውን የቀድሞ አስተሳሰብ እንደያዙ ነበሩ። የበርሊን የሳይንስ አካዳሚ ከማክስዌል ቲዎሪ መሠረታዊ ሐሳቦች አንዱን በሙከራ ለሚያረጋግጥ ሰው ሽልማት ማዘጋጀቱን በ1879 አስታወቀ። ማክስዌል ያረፈው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ነው።

ሄልምሆልትዝ ጥያቄውን የሚወጣው ሄርዝ እንደሆነ አምነው እንዲሞክር ገፋፉት። ወጣቱ ነገሩን በሒሳብ አሰላው። በእጁ በነበሩት መሣሪያዎች የሚገኘው ውጤት ከስህተት መጠን የማይለይ ጥቃቅን እንደሚሆን፣ ሥራውም እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ እንደሚችል ገመተ። ስለዚህ ጥያቄውን ትቶ በሚሽከረከሩ የብረት አካላት ውስጥ ስለሚፈጠር የኤሌክትሪክ ኢንደክሽን የመመረቂያ ጽሑፉን አዘጋጀ፤ በ1880ም በ23 ዓመቱ የዶክትሬት ዲግሪውን በከፍተኛ ማዕረግ ተቀበለ። ጥያቄውን ቢተወውም አልረሳውም ነበር። ፈጣን የኤሌክትሪክ መርገብገብን በሚመለከት ማናቸውም ነገር ሲገጥመው በንቃት ይከታተል እንደነበረ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ገልጿል።

ሄርዝ ለሦስት ዓመታት የሄልምሆልትዝ ረዳት ሆኖ ከሠራ በኋላ በ1883 ወደ ኪል ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ሄደ። በዚያ በቂ ቤተ ሙከራ ባለመኖሩ ፊቱን ወደ ቲዎሪ መልሶ የማክስዌልን ቀመሮች በጥልቀት መረመረ፤ በ1884ም ስለዚሁ አንድ የጥናት ጽሑፍ አወጣ። በ1885 የካርልስሩህ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። በቀጣዩ ዓመት የባልደረባውን የማክስ ዶልን ልጅ ኤሊሳቤትን አገባ፤ ዮሐናና ማቲልደ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆችንም አፍርተዋል።

የካርልስሩህ ትምህርት ቤት በመሣሪያ የተሟላ ቤተ ሙከራ ነበረው። በ1886 መጸው ሄርዝ ለተማሪዎች ማሳያነት የሚያገለግሉ ሁለት ጠምዛዛ የሽቦ ጥቅሎችን ሲሞክር፣ በአንደኛው ጥቅል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲፈጠር ምንም ገመድ ባላገናኘው በሌላኛው ጥቅል ላይም ብልጭታ መታየቱን አስተዋለ። ሌላ ሰው አይቶ ያልፈው ይሆናል። ሄርዝ ግን ለሰባት ዓመት በልቡ ያኖረው ጥያቄ ስለነበረ፣ ሲፈልገው የቆየው ፈጣን መርገብገብ በፊቱ እንዳለ ወዲያው ተረዳ።

ከዚያም ማሰራጫና መቀበያ ሠራ። ማሰራጫው በአንድ መስመር የተዘረጉ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ናቸው። በውጭ ጫፎቻቸው የብረት ሉሎች ተሰክተዋል፤ በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት አለ። ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ ምንጭ ሲገናኝ በክፍተቱ ብልጭታ ይዘልላል፤ በዚያች ቅጽበት ኤሌክትሪኩ በሽቦው ላይ በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል። መቀበያው ደግሞ ክብ ሆኖ የተቆለመመ ሽቦ ሲሆን፣ ጫፎቹ ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው የሚቆሙ ናቸው። ከማሰራጫው የተነሣው ሞገድ በክቡ ሽቦ ላይ ሲያርፍ በጫፎቹ መካከል እጅግ ትንሽ ብልጭታ ይታያል። የብልጭታው ርዝመት አንዳንድ ጊዜ ከሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ስለማይበልጥ፣ ሄርዝ በጨለማ ክፍል ተቀምጦ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ እየጠበቀ ይመለከት ነበር።

ዛሬ የሲግናል ፕሮሰሲንግ ተማሪ በኮምፒዩተር የሚሠራውን ሥራ ሄርዝ በሽቦ ርዝመት ነበር የሚሠራው። የመቀበያውን ክብ ሲያሳንሰው ወይም ሲያሰፋው ብልጭታው ይደክማል። የክቡ የራሱ የመርገብገብ ፍጥነት ከማሰራጫው ጋር ሲመሳሰል ግን ብልጭታው ይጠነክራል። ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ጠባይ ከብዙ ሞገዶች መካከል የሚፈለገውን አንዱን መርጦ ሌላውን ለመተው ያስችላል። የሬዲዮ ጣቢያ መምረጫም ሆነ ዛሬ ተማሪዎች ፊልተር ብለው የሚያጠኑት ዘዴ በአንድ ዓላማ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ከጫጫታ መካከል የሚፈለገውን ድምፅ ለይቶ ማውጣት ነው።

በ1887 በዚሁ ሙከራ መካከል ያልታሰበ ነገር ተከሰተ። ሄርዝ ደካማዋን ብልጭታ በግልጽ ለማየት መቀበያውን በጥቁር ሣጥን ቢከልለው ብልጭታዋ ይበልጥ አጠረች። ምክንያቱን ሲከታተል ከዋናው ብልጭታ የሚወጣው ከሐምራዊ በላይ የሆነው ብርሃን የመቀበያውን ብልጭታ እንደሚያግዝ ደረሰበት። ግኝቱን ለብቻው አሳትሞ ወደ ዋና ሥራው ተመለሰ። ይህ ክስተት ፎቶኤሌክትሪክ በሚል ስም የሚታወቀው ሲሆን፣ አልበርት አንስታይን በ1905 በሰጠው ማብራሪያ ምክንያት የ1921 የኖቤል ሽልማትን ለማግኘት በቅቷል።

በ1887 መገባደጃ ሄርዝ አካዳሚው ከስምንት ዓመት በፊት ያቀረበውን ጥያቄ የሚመልስ የጥናት ጽሑፍ ለሄልምሆልትዝ ላከ። የሽልማቱ ቀነ ገደብ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። የቀድሞው መምህር ግን ውጤቱን በደስታ ተቀብለው ለህትመት አበቁት።

ቀጣዩ ጥያቄ የፍጥነት ነበር። ኤሌክትሪኩ በአየር ውስጥ ሲጓዝ ጊዜ የሚወስድበት ከሆነ ሞገድ ነው ማለት ነው። ሄርዝ 15 ሜትር ርዝመትና 14 ሜትር ስፋት ያለውን የመማሪያ አዳራሽ መረጠ። ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን የጋዝ መብራቶች አስነሣ፤ በአንደኛው ግድግዳ ላይም 4 ሜትር ከፍታና 2 ሜትር ስፋት ያለው የዚንክ ቆርቆሮ አቆመ። ከማሰራጫው የሚነሣው ሞገድ ቆርቆሮውን መትቶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። ሁለቱ በሚደጋገፉበት ቦታ ብልጭታው ይጎላል፤ በሚጣፉበት ቦታ ደግሞ ይጠፋል። ሄርዝ ክቡን ሽቦ ይዞ ከማሰራጫው ወደ ግድግዳው እየተራመደ ብልጭታው የሚጎላበትንና የሚጠፋበትን ቦታ መዘገበ። በዚህ መንገድ የሞገዱን ርዝመት ለካ፤ ርዝመቱን በሒሳብ ካገኘው የመርገብገብ ብዛት ጋር ሲያዛምደው ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኘው።

ሥራው እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖይንካሬ ሄርዝ የመርገብገቡን ጊዜ ባሰላበት ቀመር ውስጥ ስህተት መኖሩን አመለከተ፤ ሄርዝም እርምቱን ተቀብሎ በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። ሌላም ችግር ነበር። ቲዎሪው ሞገዱ በአየርና በሽቦ ላይ እኩል እንደሚሮጥ ቢያስረዳም የካርልስሩህ ልኬት ግን የተለያየ ፍጥነት አሳየ። ሄርዝ በአዳራሹ ያለው የብረት ምድጃና ግድግዳዎቹ ሞገዱን እየመለሱ ልኬቱን ሳያዛቡት እንዳልቀሩ ጠረጠረ። በ1893 የጄኔቫ ተመራማሪዎች ሳራዜንና ደ ላ ሪቭ ሙከራውን እጅግ ሰፊ በሆነ አዳራሽ ደግመው ሁለቱ ፍጥነቶች እኩል መሆናቸውን አረጋገጡ።

ሄርዝን ያስቸገረው ምድጃ ዛሬ የገመድ አልባ ኮሙኒኬሽን ተማሪ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚያጠናለት ጉዳይ ነው። ከስልክ ምሰሶ የተነሣ ሞገድ ወደ ስልኩ የሚደርሰው በአንድ ቀጥተኛ መንገድ ብቻ አይደለም። ከሕንፃ፣ ከተሽከርካሪና ከኮረብታ እየተመለሰ በብዙ መንገድ ይመጣል። የመጡት ሞገዶች አንዱ ሌላውን ሲደግፍ ድምፁ ይጠራል፤ ሲጣፉ ይቆራረጣል። የስልክ ተጠቃሚ ድምፅ ሲቆራረጥበት አንድ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የዘመኑ መሐንዲሶች በረቀቀ ስሌት የሚቋቋሙትንና አንዳንዴም የሚጠቀሙበትን ይህን ጠባይ ሄርዝ በእግሩ እየተራመደ ነበር የለካው።

በ1888 ሄርዝ ወደ አጫጭር ሞገዶች ተሻገረ። 2 ሜትር ቁመት ያላቸውን የዚንክ ቆርቆሮዎች እንደ ገንዳ አጉብጦ ሁለት አንጸባራቂዎችን ሠራ፤ አንዱን ከማሰራጫው፣ ሌላውን ከመቀበያው ኋላ አቆመ። የሞገዱ ርዝመት ወደ 66 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አለ፤ ይህም በዛሬው አነጋገር ወደ 450 ሜጋ ሄርዝ የሚጠጋ ነው። ሞገዱ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ብረት ይመልሰዋል፤ የእንጨት በር ግን አያግደውም። በሩ ተዘግቶ ማሰራጫው በአንደኛው ክፍል፣ መቀበያው በሌላው ክፍል ሳለ ብልጭታው ታየ። 600 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቅጥራን ፕሪዝም አሠርቶም ብርሃን በመስታወት ፕሪዝም እንደሚታጠፍ ሁሉ ሞገዱም በቅጥራኑ ውስጥ ሲያልፍ አቅጣጫውን እንደሚለውጥ አሳየ። ውጤቱ በዲሴምበር 13 ቀን 1888 ለበርሊን የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ። የማክስዌል ቀመር ከወረቀት ወርዶ በእጅ የሚዳሰስ ያህል ሆነ።

ሄርዝ ከዚህ በኋላ በመላው አውሮፓ ታወቀ። በ1889 የቦን ዩኒቨርሲቲ በሞት የተለዩትን ሩዶልፍ ክላውዚየስን ተክቶ የፊዚክስ ፕሮፌሰር እንዲሆን ጠራው። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲም በ1890 የራምፎርድን ሜዳሊያ ሸለመው።

ስለ ግኝቱ ተግባራዊ ጥቅም ግን ሄርዝ ታላቅ ተስፋ አልነበረውም። በ1889 መጨረሻ አንድ መሐንዲስ የስልክ ድምፅን ያለ ሽቦ ለማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ በደብዳቤ ጠይቆት ነበር። የሄርዝ መልስ እንደማይቻል የሚገልጽ ሲሆን፣ ምክንያቱም ሒሳብ ነው። የሰው ድምፅ በሰከንድ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ሞገዱ በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሞገድ ለማንጸባረቅ የአህጉር ስፋት ያለው መስታወት ያስፈልጋል።

ስሌቱ ትክክል ነበር፤ የጎደለው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። ድምፁ በራሱ እግር እንዲሄድ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ጭነት በአጋሰስ ላይ እንደሚጫን ሁሉ በፈጣኑ ሞገድ ላይ ተጭኖ መሄድ ይችላል። ፈጣኑ ሞገድ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ እየተከተለ ጉልበቱን ወይም የመርገብገብ ፍጥነቱን በጥቂቱ ይለዋውጣል፤ መቀበያውም በተራው ጭነቱን ያራግፋል። ይህ ዘዴ ሞዱሌሽን ይባላል። የ97.1 ሜጋ ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በአንድ ተራ አንቴና ይስተናገዳል። የኮሙኒኬሽን ተማሪ ሞዱሌሽን ለምን እንዳስፈለገ ሲጠየቅ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ከሄርዝ ስሌት ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ለሄርዝ የመንገዱ መዘጊያ የነበረው ስሌት ለተማሪው የመንገዱ መጀመሪያ መሆኑ ነው።

ሄርዝ ራሱ ይህን ለማየት ዕድሜ አላገኘም። በ1892 በጀመረው የፊትና የጭንቅላት አካባቢ ሕመም ክፉኛ ተሠቃየ፤ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ዘላቂ ፈውስ አላገኘም። በሕመሙ መካከል የሜካኒክስን መሠረቶች የሚመረምር መጽሐፍ ይጽፍ ነበር። እስከ ዲሴምበር 1893 መጀመሪያ ድረስ ማስተማሩን አላቋረጠም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1894 በቦን ከተማ አረፈ። አስከሬኑ በትውልድ ከተማው በሐምቡርግ በኦልስዶርፍ መካነ መቃብር አርፏል። ወላጆቹ፣ ባለቤቱና ሁለት ሕፃናት ሴቶች ልጆቹ በሐዘን ቀሩ። የመጨረሻው መጽሐፉ በረዳቱ በፊሊፕ ሌናርድ አዘጋጅነት በዚያው ዓመት ሲታተም መቅድሙን የጻፉት መምህሩ ሄልምሆልትዝ ነበሩ፤ እሳቸውም በሴፕቴምበር 1894 ተማሪያቸውን ተከትለው አለፉ።

የሄርዝ ሞት ሥራውን ይበልጥ አስተዋወቀው። በ1894 እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ ሄርዝን ለመዘከር በለንደን ባቀረቡት ትምህርታዊ ንግግር ሞገዱን በተሻለ መቀበያ አሳዩ። በሩሲያ አሌክሳንደር ፖፖቭ፣ በሕንድ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ምርምሩን ቀጠሉበት። ስለ ሄርዝ ሥራ በመታሰቢያ ጽሑፍ ያነበበው ጣሊያናዊው ወጣት ጉልየልሞ ማርኮኒ በ1895 በቦሎኛ አቅራቢያ በወላጆቹ ይዞታ ላይ የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ሙከራ አደረገ፤ በ1901 መልእክትን ከእንግሊዝ ወደ ሰሜን አሜሪካ አሻገረ፤ በ1909 ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1900 ሬጂናልድ ፈሰንደን የሰው ድምፅን በሞገድ በማስተላለፍ ለመሐንዲሱ ጥያቄ ተግባራዊ መልስ ሰጠ። በ1948 አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በአንድ የመገናኛ መስመር ሊተላለፍ የሚችለውን የመረጃ መጠን ወሰን በሒሳብ ሲያስቀምጥ የዛሬው የዲጂታል ኮሙኒኬሽን ትምህርት መሠረት ተጣለ።

የሄርዝ ቤተሰብ ግን በሊቁ ክብር ብቻ ተጠልሎ መኖር አልቻለም። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ የአባቱ ቤተሰብ ከአይሁድ ወገን መሆኑ እንደ ጥፋት ተቆጠረ። በሐምቡርግ ማዘጋጃ ቤት በክብር ተሰቅሎ የነበረው ሥዕሉ ወረደ። በ1928 በበርሊን በስሙ የተቋቋመው የምርምር ተቋምም ስሙ ተነጠቀ። የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የነበረችው ሁለተኛ ልጁ ማቲልደ የማስተማር ፈቃዷን ካጣች በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሰደደች፤ እናቷና እኅቷም በዚያው በ1930ዎቹ አገራቸውን ጥለው እንግሊዝ ገቡ።

ስሙ ግን ከመለኪያው ላይ ሊወርድ አልቻለም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1930 የድግግሞሽ መለኪያ በሄርዝ ስም እንዲጠራ ወስኖ ነበር፤ በ1960 ደግሞ የመለኪያዎች ጠቅላላ ጉባኤ አጸደቀው። ከጦርነቱ በኋላ የበርሊኑ ተቋም ስሙን መልሶ ያገኘ ሲሆን፣ ዛሬም በሲግናል ፕሮሰሲንግና በገመድ አልባ ኮሙኒኬሽን ምርምር ከታወቁት ማዕከላት አንዱ ነው። በሐምቡርግ የተሠራው የቴሌቪዥን ማማም በስሙ ይጠራል።

በዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ ለሚያጠና ተማሪ ከሄርዝ ሕይወት የሚገኘው ቁም ነገር ቀላል አይደለም። የትምህርቱ ገጾች በሒሳብ የተሞሉ በመሆናቸው ቀመሩን ከሚያመለክተው ነገር ለይቶ መሸምደድ የብዙ ተማሪዎች ፈተና ነው። ሄርዝ በኪል ቀመሩን መረመረ፤ በካርልስሩህ ሽቦውን አጎበጠ፤ አንዱ ያለ ሌላው ውጤት ላይ ባላደረሰው ነበር። በ22 ዓመቱ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ የተወውን ጥያቄ በ29 ዓመቱ በአንዲት ብልጭታ ውስጥ ያወቀው፣ ጥያቄውን ቢተወውም ከልቡ ስላላወጣው ነው። ሥራውን የፈጸመውም የሽልማቱ ጊዜ ካለፈ፣ የሚጠብቀውም ገንዘብ ከሌለ በኋላ ነበር። ዛሬ አንድ ተማሪ በቤተ ሙከራ የመለኪያውን መስኮት ተመልክቶ በደብተሩ ላይ አንድ ቁጥር ሲያሰፍር፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጽፈው የዚያን መምህር ስም ነው።